በመሪዎች ላይ የሚደረግ የማኅበራዊ ሚዲያ ክርክር፦ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ውርስ እንደ ማሳያ

ስለ ፖለቲካ መሪዎች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደረግ ክርክር ቶሎ ወደ ስድብ የሚያዘነብለው በጨዋነት ጉድለት ብቻ አይደለም። ተከራካሪዎቹ የያዙት ጥያቄ የተለያየ ሆኖ ሳለ በአንድ ጥያቄ ላይ የቆሙ ይመስላቸዋል። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ውርስ ይህን በግልጽ ያሳያል።

አንደኛው ተከራካሪ የ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድልንና ለጦርነቱ መነሻ የሆነውን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ይጠቅሳል። ሌላው በደቡብ የተካሄዱትን ዘመቻዎችና በገባር ሥርዓት ሥር የወደቀውን ገበሬ ያነሣል። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። የሚለያዩት የቱ ይበልጥ ይመዝናል በሚለው ላይ ሲሆን፣ ይህ የሚዛን ጥያቄ እንጂ የዕውቀት ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ «ታሪክ አታውቅም» የሚለው የተለመደ መልስ ለቀረበው ሐሳብ መልስ አይሆንም።

በአኖሌ ተፈጸመ ስለሚባለው የእጅና የጡት ቆረጣ የሚነሣው ሙግት ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። እዚህ ላይ ጥያቄው የማስረጃ ነው፤ የቃል ትውፊትና የጽሑፍ ምንጭ እየተመሳከሩ ይመረመራሉ። ማስረጃ የሚጠይቅን ሰው የተበዳይ ጠላት አድርጎ መቁጠር፣ ወይም ትውፊትን የሚጠቅስን ሰው በፈጠራ መክሰስ ምርመራውን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል። በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የምኒልክ ሐውልትና በ2006 ዓ.ም. በአርሲ የተመረቀው የአኖሌ መታሰቢያ ዛሬ በአንድ አገር ቆመዋል። በስክሪን ላይ የሚጋጩት ሁለት ትዝታዎች በድንጋይም ተቀርጸዋል ማለት ነው።

አማርኛ ደግሞ የራሱን ፈተና ይጨምራል። «ምኒልክ ዘመቱ» ያለና «ምኒልክ ዘመተ» ያለ ጸሐፊ፣ ማስረጃውን ከማቅረቡ በፊት በግሱ ወገኑን ያስታወቀ ይመስላል። አንባቢውም ሐሳቡን ትቶ በአንቱታው ይፈርዳል። ይህ አንዳንዴ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ነገሥታትን በነጠላ ግስ መጥራት በታሪክ አጻጻፍ ዘንድ የኖረ ልማድ ነውና ሁልጊዜ ንቀትን አያመለክትም። «እምዬ» የሚለውም ቃል የሙት መሪ ናፍቆት እንጂ የሕያው ሰው ጥላቻ ላይሆን ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት አመለካከቱን የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ሰብአዊ ክብርን ለመንካት የሚሰነዘር አደባባያዊ መግለጫን ደግሞ ይከለክላል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥበቃ የሚሰጠው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን መሠረት ካደረገ ጥቃት ነው። የፖለቲካ አቋም በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የፖለቲካ ትችትም ከክልከላው ውጭ ተደርጓል። እንግዲህ «ንጉሡ ጨቋኝ ነበሩ» ወይም «ንጉሡ አገር ያቀኑ ናቸው» የሚሉት ሁለቱም ሐሳቦች የተፈቀዱ ናቸው። አደጋው የሚጀምረው ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው መልስ በኋላ፣ «እሳቸው» የነበረው ባለቤት ሳይታወቅ «እናንተ» ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ ተከሳሹ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተው ንጉሥ መሆኑ ይቀርና፣ ዛሬ በጎረቤትነት የሚኖረው ሕዝብ ይሆናል።