የሚቆራረጥ ቪዲዮ፦ በቤት ኔትወርክ ማከማቻ ላይ እንከን ስለ መፈለግ

ፊልሞችንና የቤተሰብ ቪዲዮዎችን በአንድ ቦታ አከማችቶ በቤት ውስጥ ባሉ ቴሌቪዥኖች፣ ስልኮችና ላፕቶፖች ላይ ለማየት የሚያስችለው የኔትወርክ ማከማቻ፣ በመሠረቱ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሀርድ ዲስክ የያዘና ከራውተሩ ጋር የተገናኘ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ቪዲዮው ሲቆራረጥ፣ ማለትም ምስሉ ቆሞ በማያው መካከል የመጠበቂያው ክብ መሽከርከር ሲጀምር፣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚወቅሰው ኢንተርኔቱን ነው። ይሁን እንጂ ከማከማቻው ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው መረጃ የቤቱን ደጃፍ ስለማይሻገር፣ ከቴሌኮም ድርጅት የተገዛው የኢንተርኔት ፍጥነት በዚህ ጉዳይ ላይ ድርሻ የለውም፤ ለዚህ ሲባል የጥቅሉን ፍጥነት ማሳደግም ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ይሆናል። መረጃው ከዲስክ እስከ ማያ በሚያልፍባቸው ደረጃዎች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ጠብቦ ሲገኝ ቪዲዮው ይቆማል፤ የትኛው እንደ ጠበበ ደግሞ በግምት ሳይሆን በስሌትና በሙከራ ይታወቃል።

የስሌቱ መነሻ ቢትሬት ነው። ቢትሬት ማለት የአንድ ሰከንድ ምስልና ድምፅ ለማሳየት የሚያስፈልገው የመረጃ መጠን ሲሆን፣ የሚለካውም በሜጋቢት በሰከንድ ነው። የፋይል መጠን ግን በባይት ስለሚነገርና አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ ሁለቱን ለማነጻጸር በ8 ማባዛት ያስፈልጋል። 20 ጊጋባይት የሆነ የሁለት ሰዓት ፊልም 160,000 ሜጋቢት ማለት ነው፤ ይህም ለ7,200 ሰከንድ ሲካፈል በአማካይ 22 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ይሆናል። በዚሁ ስሌት 60 ጊጋባይት የሆነ ባለ 4ኬ ፊልም 67 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል። ሆኖም ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው በሚነጋገሩበት ትዕይንት በጥቂት መረጃ የሚብቃቃው ፊልም፣ ዝናብ፣ ጭስ ወይም የሚሯሯጥ ሕዝብ ማያውን ሲሞላው ከአማካዩ እጅግ የበለጠ ሊጠይቅ ይችላል። ማጫወቻው ይህን የሚቋቋመው ገና ያልታየውን ክፍል አስቀድሞ ተቀብሎ በሚያቆይበት፣ ቡፈር በሚባለው የማስታወሻ ቦታ ነው፤ እሱም ተሟጥጦ ሲያልቅ ምስሉ ይቆማል። እንግዲህ ፊልሙ በግርግር ትዕይንቶች ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ፣ መስመሩ አማካዩን እንጂ ከፍተኛውን ፍላጎት መሸከም አለመቻሉን ያመለክታል።

ሀርድ ዲስኩ በአብዛኛው ጥፋት የለበትም። ጤነኛ የሆነ የዘመኑ ዲስክ ተከታታይ መረጃን በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ፣ ማለትም ከ800 ሜጋቢት በላይ ያነባል፤ ይህም ከላይ የተጠቀሰው ባለ 4ኬ ፊልም በአማካይ ከሚፈልገው ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። ተመልካች ሳይኖር የሚያርፍ ዲስክ እንደገና መሽከርከር እስኪጀምር ድረስ ፊልሙን ለጥቂት ሰከንዶች ቢያዘገየውም፣ ይህ መነሻው ላይ ብቻ የሚታይ እንጂ መሐል ላይ የሚያቆራርጥ አይደለም።

ሳይጠረጠር የሚታለፈው ኬብሉ ነው። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ በአራት ጥንድ የተጠመዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት ለማስተላለፍ አራቱም ጥንዶች ሲያስፈልጉ ለ100 ሜጋቢት ግን ሁለቱ ይበቃሉ። ስለዚህ ኬብሉ በበር ሥር ተቆንጥጦ ወይም ጫፉ በደንብ ሳይታሰር ቀርቶ አንዲት ሽቦ ብትበጠስ፣ መሣሪያዎቹ በአብዛኛው ግንኙነቱን አያቋርጡም፤ በዝምታ ወደ 100 ዝቅ ብለው ይቀጥላሉ። ድረ ገጽ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ከባዱ ፊልም ብቻ ይቆማል። በራውተሩ ቅንብር ገጽ ላይ እያንዳንዱ መውጫ በስንት ፍጥነት እንደ ተገናኘ ብዙውን ጊዜ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ 1,000 መሆን የነበረበት 100 ሆኖ ከታየ ኬብሉን መቀየር የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘና ገዢዎች በግልጽ ሊነገራቸው የሚገባ ጉዳይ አለ። ባለ 4ኬ የሆኑትን ጨምሮ ብዙ ስማርት ቲቪዎች የተገጠመላቸው የኬብል መሰኪያ ከ100 ሜጋቢት የማያልፍ ነው፤ ከዚያም ላይ ለመረጃው መጠቅለያ የሚውለው ሲቀነስ ለቪዲዮው የሚተርፈው 94 ያህል ነው። ከፍተኛ ጥራት ያለው ፊልም በአማካይ 67 ብቻ ቢፈልግም በግርግር ትዕይንት ከ94 ሊያልፍ ስለሚችል፣ ምንም ያልተበላሸ ኬብል ይዞ የሚቆራረጥ ቴሌቪዥን ይኖራል ማለት ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ፣ ከተለመደው ምክር በተቃራኒ፣ ራውተሩ በአቅራቢያ እስካለ ድረስ የዚያው ቴሌቪዥን የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ከኬብሉ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

በዋይፋይ በኩል ደግሞ በማያ ላይ የሚታየው የግንኙነት ፍጥነት በተግባር ከሚገኘው እጅግ የበለጠ መሆኑን ማወቅ ይገባል። 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳን አልፎ ርቆ ቢሄድም እርስ በርስ የማይደራረቡ ሰፊ መስመሮቹ በተለምዶ ሦስት ብቻ፣ ማለትም 1፣ 6 እና 11 በመሆናቸው፣ በኮንዶሚኒየም ወይም በአፓርታማ ውስጥ የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ የሚጋፉት በእነዚሁ ላይ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ሲሆን የኮንክሪት ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ማከማቻውና ቴሌቪዥኑ ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ መረጃው በአየር ሁለት ጊዜ ስለሚጓዝ፣ ቢያንስ ማከማቻውን በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

መስመሩ ሁሉ ሰፊ ሆኖ ቪዲዮው ከቆመ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኮዴክ ነው። ኮዴክ ምስልና ድምፅን አምቆ የሚያሳንስና መልሶ የሚፈታ ስልት ሲሆን፣ በ2003 የወጣውን ኤች.264 አብዛኛው መሣሪያ ያውቀዋል፤ በ2013 የወጣውን ኤች.265ን እና በ2018 የወጣውን ኤቪ1ን ግን የቆዩ ቴሌቪዥኖች መፍታት አይችሉም። እንደ ጄሊፊንና ፕሌክስ ያሉ የማጫወቻ ሰርቨሮች ይህን ሲያዩ ቪዲዮውን እየፈቱ ቴሌቪዥኑ ወደሚያውቀው ኮዴክ መልሰው ያምቁታል። ፋይሉን ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 መያዣ ማዛወር ብቻ ሲሆን ሥራው ቀላል ነው፤ ምስሉን እንደገና ማመቅ ግን ደካማ ፕሮሰሰር ያለውን ማከማቻ ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል፤ ሰርቨሩም የአንድ ሰከንድ ምስል ለማዘጋጀት ከአንድ ሰከንድ በላይ ከፈጀበት መቆሙ የማይቀር ነው። በሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ፊልሙ በቀጥታ እየተላለፈ ወይም እየተለወጠ መሆኑ ይታያል።

ሰብታይትልም ሳይታሰብ ይህንኑ ሸክም ሊያመጣ ይችላል። ከብሉ ሬይ ዲስክ የተገለበጠ ሰብታይትል በጽሑፍ ሳይሆን በሥዕል መልክ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ማጫወቻው ካልቻለበት ሰርቨሩ እያንዳንዱን ምስል ፈትቶ ጽሑፉን በላዩ ላይ ማተም ግድ ይሆንበታል፤ ሰብታይትሉን ሲያጠፉት ፊልሙ ቀጥ ብሎ ከሄደ ምክንያቱ ይኸው ነው። በጽሑፍ ፋይል የተቀመጠ የአማርኛ ሰብታይትል በበኩሉ ሸክሙ ቀላል ቢሆንም፣ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ካልተቀመጠ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች፣ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ከሌለው ደግሞ ባዶ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ያለ በመሆኑ፣ ይህን ያላሟላ ማጫወቻ ሠሪ ምክንያት የለውም።

ጥርጣሬውን ለሁለት የሚከፍለው ሙከራ ቀላል ነው። ያንኑ ፋይል በፍላሽ ገልብጦ በቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ነው፤ በፍላሽ በደንብ ከታየ ችግሩ በኔትወርኩ ወይም በሰርቨሩ ላይ ነው፣ ካልታየ ደግሞ በፋይሉ ወይም በቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ፋት32 በሚባለው አደረጃጀት የተሰናዳ ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሚደርስ ወይም የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል፣ ቴሌቪዥኑ የሚያነበው ከሆነ ኤክስፋት የተሻለ ነው። ከዚያ አይፐርፍ3 የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በማከማቻውና በአንድ ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ በመካከላቸው ያለውን እውነተኛ ፍጥነት መለካትና ከፊልሙ ቢትሬት ጋር ማነጻጸር ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ሊቀየር ይገባል፤ ኬብሉም ራውተሩም በአንድ ቀን ከተቀየሩ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም።

ለሌሎቹ ምልክቶች ጊዜ አለ፤ ለአንዱ ግን የለም። አንድ ቪዲዮ በየትኛውም ማጫወቻ ላይ ሁልጊዜ በዚያው ሰከንድ የሚቆም ከሆነ፣ ምናልባት ፋይሉ ራሱ የተበላሸ ነው፤ ከዚያ የከፋው ግን ዲስኩ ያንን ቦታ ማንበብ እያቃተው መሆኑ ነው፤ ይህም በሌሎች ፋይሎች ላይ መታየት ከጀመረ የመጥፋቱ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። መረጃን በሁለት ዲስኮች ላይ አባዝቶ የሚያስቀምጠው ሬይድ የተባለው ስልትም፣ በስሕተት ከተሰረዘ ፋይል ወይም በመብረቅ ከተቃጠለ ማከማቻ አያድንም። ፊልም ከሌላ ቦታ ይገኛል፤ የሠርግ፣ የክርስትናና በሕይወት የሌሉ ወላጆች ቪዲዮ ግን ሌላ ቅጂ የለውም። ይህን ምልክት ያየ ሰው የመጠገኛ ፕሮግራም ከማስነሳቱ በፊት፣ በዚያው ቀን፣ የቤተሰቡን ቪዲዮዎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጥ።