የጣቢያ ዓርማ የማን ነው?

ጋዜጣ አንባቢው እጅ የሚገባው ስሙን ግንባሩ ላይ ይዞ ነው። ቴሌቪዥን ግን ተመልካቹ ቻናል በቀየረ ቁጥር ከመሃል ስለሚጀመር ማንነቱን ደጋግሞ መናገር አለበት። በማዕዘን ያለው ዓርማ፣ በፕሮግራሞች መካከል የሚያልፈው አጭር ምስል፣ የዜና መግቢያው ዜማ፣ የጽሑፉ ቅርጽና ቀለም የሚደክሙት ለዚሁ ነው። ሙያው ከቴሌቪዥን ጋር አብሮ አደገ። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሲቢኤስ ዊልያም ጎልደን የነደፈውን ዓይን ምልክቱ አደረገ፤ በ1953 ቢቢሲ ኤብራም ጌምስ የሠራውን ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ካሜራ ፊት አቁሞ ቀረጸ፤ በ1982 የብሪታንያው ቻናል 4 ሲከፈት በኮምፒውተር የተሠሩ ባለቀለም ቁርጥራጮች ተገጣጥመው ቁጥር 4ን አወጡ። የአሠራሩ ስልት እንዲህ ቢራቀቅም የምልክቱ ዋጋ የሚመነጨው ከውበቱ ይልቅ ከቆይታው ነው። በተለይ የሕዝብ ጣቢያ ዓርማ፣ ዓመታት ሲያልፉ፣ ከነደፈው ባለሙያና ካዘዘው ሹም እጅ ወጥቶ የተመልካቹ ንብረት ይሆናል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። በ1957 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ሥራ ጀመረ፤ በደርግ ጊዜ፣ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሰሞን፣ ባለቀለም ሆነ። መንግሥት ተለዋወጠ፣ ተመልካቹ ግን ጣቢያውን ኢቲቪ ማለቱን አልተወም። ተቋሙ ኮርፖሬሽን ሲሆን ዓርማው ኢቢሲ ተባለ። ብዙ ሳይቆይ ግን የቻናሎቹ መጠሪያ ወደ ኢቲቪ ተመለሰ፦ ኢቲቪ ዜና፣ ኢቲቪ መዝናኛ፣ ኢቲቪ ቋንቋዎች። ኢቢሲ የድርጅቱ ስም ሆኖ ቀረ። ሕግ ተቋም ያቋቁማል፤ ትዝታ ማቋቋም ግን አይችልም።

ምልክት ከባለቤቱ አልፎ የሕዝብ መሆኑ ከቴሌቪዥን በፊትም የታወቀ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ቁስቋም ላይ ያሠሩት ግቢ ዛሬ ፍርስራሽ ነው፤ በግንቡ ላይ በቀይ ድንጋይ የወጡት መስቀሎች ግን አሁንም ይታያሉ። ያ ምልክት አዲስ ፈጠራ አልነበረም። ገበሬውም መኳንንቱም ቀድሞ የሚያውቀው ስለነበር ያለ አስረጂ ይነበባል። ጥሩ ነዳፊ ሕዝቡ የሚያውቀውን አስቀድሞ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው «ዓርማ የነጋዴ ጉዳይ ነው፣ የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ አይውልም» ይላል። ገንዘብ የሚያባክነው ግን ዓርማ መኖሩ ሳይሆን በየጊዜው መፈራረቁ ነው። የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ አሮጌው ስም የፕሮፓጋንዳ ጠረን ስላለበት መለወጡ የተሐድሶ ምልክት ነው የሚል። ቅሬታው እውነት አለው፣ መድኃኒቱ ግን አይሠራም። ዜናው እንደነበረ ከቀጠለ አዲሱ ዓርማ በአሮጌ ግድግዳ ላይ የተቀባ ኖራ ነው፤ ዜናው ከታረመ ደግሞ አሮጌው ስም ራሱ አዲስ ትርጉም ያገኛል። ይህ ማለት ዓርማ አይነካ ማለት አይደለም። ቢቢሲ በ1997 እ.ኤ.አ. ያዘመሙ ሳጥኖቹን ያቃናው ሰያፍ መስመር ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ስለማይታይ ነበር፤ ሦስት ፊደል በሦስት ሳጥን መሆኑን ግን አልለወጠም። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር የጣቢያ መልክ ለማደስ የሚነሳ ኃላፊ ለውጡ የትኛውን የተመልካች ችግር እንደሚፈታ አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል። መልስ ከሌለው ነባሩን ይተወው።