ረቂቃችሁን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ

መጻፍ ለጀመረ ሰው የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ብዙ አንብብ፣ ብዙ ጻፍ» ከሚለው አያልፍም። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ትናንት ማታ የጻፋችሁት ገጽ የቱ ጋ እንደሚታረም አይነግራችሁም። ለዚህ እኔ የማምነው አንድ ዘዴ አለ። ረቂቁን ለሌላ ሰው ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብበው። እናንተ እርሳስ ይዛችሁ አድምጡ። በተደናቀፈ ቁጥር ምልክት አድርጉ እንጂ አታርሙት፣ አታስረዱት።

ለራስ ጮክ ብሎ ማንበብም ይጠቅማል፤ ግን አይበቃም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና ነው» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ጸሐፊው ያሰበውን ስለሚያውቅ አይሳሳትም። አንባቢው ግን መንገድ ከጀመረ በኋላ ይመለሳል።

ሌላው መሰናክል ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ከበደ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።» አንባቢው ትንፋሽ ያጥረዋል። የባሰው ደግሞ ይህን ሁሉ አንብቦ ስለ ከበደ ምንም አለማወቁ ነው፤ ማንም ሰው ጠዋት የሚያደርገውን ነው ያደረገው። «ከበደ ቁርሱን ሳይቀምስ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም» ቢባልስ? አሁን አንድ ነገር ጠረጠርን።

የረዥም ዐረፍተ ነገር ጠላት ግን አይደለሁም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ረዥሙን አሳምረው ያውቁበታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም ለጆሮ አልከበደም።

የቢሮ አማርኛም በጆሮ ቶሎ ይጋለጣል። «የማጣራት ሥራ ሠሩ» ማለት «አጣሩ» ነው፤ «ውይይት አደረጉ» ደግሞ «ተወያዩ»። በተለይ ምልልስ ላይ አድምጡ፦ የገጠር እናት ስትናገር የአንባቢያችሁ ድምፅ ሳያውቀው የዜና አንባቢ ድምፅ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አንባቢ ስትመርጡ ታሪኩን አስቀድሞ ያልሰማ ይሁን። ደራሲ ጓደኛ አትጥሩ፤ እያነበበ በልቡ ያርምላችኋል። ለመጀመሪያው ቀን ሦስት ገጽ ይበቃል፤ ቡናውን እናንተ ጋብዙ።