«ወደብ»፣ «ራስጌ» እና «መሰኪያ»፦ የኮምፒውተርን የፊት ገጽ አካላት ስለ መሰየም

የኮምፒውተር ቀፎ ሲለወጥ እናት ሰሌዳው ከነበረበት ተነቅሎ በአዲሱ ቀፎ ውስጥ ይታሰራል። ቀጥሎም የአዲሱ ቀፎ የፊት ገጽ ከሰሌዳው ጋር በገመድ መገናኘት አለበት፤ አለዚያ ማብሪያው አያበራም፤ የዩኤስቢውና የድምፁ ቀዳዳዎችም አይሠሩም። የሥራውን መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በተለይ በሦስት ቃላት ላይ ይቸገራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የችግሩን ምንጭ ማሳየትና የስያሜ ሐሳብ ማቅረብ ነው።

ሀ/ «ፖርት»፦ መዝገበ ቃላት ገልጦ አቻ ለሚፈልግ ተርጓሚ ቀድሞ የሚመጣለት «ወደብ» ነው። ይሁን እንጂ በላቲን ሁለት ተቀራራቢ ቃላት አሉ፤ «ፖርቱስ» ወደብ፣ «ፖርታ» ደግሞ በር ማለት ነው። የመሣሪያው ስያሜ የሚወለደው ከሁለተኛው ነው። ስለዚህ በቀፎው ፊት ለሚታየው ክፍት ሥፍራ «በር» የተሻለ አቻ ይሆናል፤ «የዩኤስቢ በር»፣ «የድምፅ በር» እንደ ማለት።

ለ/ «ሄደር»፦ ለጽሑፍ ገጽ «ራስጌ» ተስማሚ ነው፤ ግርጌ አለውና። በሰሌዳ ላይ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ቀጥ ብለው የቆሙ የብረት ዘንጎችን ረድፍ ነው። ማበጠሪያና መጋዝ ጥርስ እንዳላቸው ሁሉ ዘንጎቹን «ጥርስ»፣ ረድፉንም «ባለጥርስ መሰኪያ» ብንል አንባቢው ነገሩን ሳያይ ሊገምተው ይችላል።

ሐ/ «መሰኪያ»፦ በ«መ-» ጀምሮ በ«-ያ» የሚጨርሰው የስም ዓይነት መሣሪያንም ቦታንም ይገልጻል፤ «መጥረጊያ» መሣሪያ፣ «ማረፊያ» ቦታ ነው። በዚህ ምክንያት «መሰኪያ» የሚሰካውን ወይስ የሚሰካበትን እንደሚያመለክት አይለይም። «ወንዴ» እና «ሴቴ» ብሎ መክፈልም አያወጣንም፤ እዚህ ላይ ጥርስ ያለው የማይንቀሳቀሰው ሰሌዳ ሲሆን፣ ቀዳዳ ያለው የሚንቀሳቀሰው የገመዱ ጫፍ ነው። ስለዚህ መለኪያው ቅርጽ ሳይሆን እንቅስቃሴ ይሁን፦ የሚንቀሳቀሰው «ተሰኪ»፣ ጸንቶ የሚቀበለው «መሰኪያ» ይባል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዩኤስቢ 2.0 እና የድምፅ መሰኪያዎች እያንዳንዳቸው ዐሥር ሥፍራና ዘጠኝ ጥርስ አላቸው። ወላቃው ሥፍራ በዩኤስቢ ዘጠነኛው፣ በድምፅ ስምንተኛው ስለሆነ የአንዱ ተሰኪ በሌላው ላይ በቀላሉ አይገባም፤ ቅርጹ ራሱ ሠራተኛውን ይጠብቀዋል። በቆዩ ሰሌዳዎች ላይ የሚገኘው የፋየርዋይር (1394) መሰኪያ ግን ወላቃው እንደ ዩኤስቢ በዘጠነኛው ሥፍራ ነው። ዩኤስቢ 5 ቮልት ሲሰጥ ፋየርዋይር 12 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ሁለቱ ቢለዋወጡ ዕቃ ይቃጠላል። እዚህ ቅርጹ አያስጠነቅቅም፤ ጠባቂው ስም ብቻ ነው።

የማብሪያና የአመልካች መብራት ተሰኪዎችም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። ማብሪያ ሁለቱን ጥርሶች ከማገናኘት በቀር ሌላ ተግባር ስለሌለው ቢገለበጥም ይሠራል። አመልካች መብራቱ ግን ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ ተገልብጦ ቢሰካ አይበራም። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለቱን «ገመዶቹን ስካ» በሚል አንድ ትእዛዝ ሊጠቀልላቸው አይገባም።

በቀረበው ስያሜ መሠረት መመሪያው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ከፊት ገጹ የዩኤስቢ በር የሚመጣውን ተሰኪ ያዝ፤ በሰሌዳው ላይ የዩኤስቢውን ባለጥርስ መሰኪያ ፈልግ፤ የተደፈነውን የተሰኪውን ቀዳዳ ከወላቃው ሥፍራ ጋር አስተካክለህ ስካ።» በሰሌዳው ላይ የታተመው የላቲን ምልክት ግን ሳይተረጎም እንዳለ ከአማርኛው ጎን ይቀመጥ፤ ሠራተኛው ቀፎውን ከፍቶ የሚያነበው እርሱን ነውና።