ቤቱ የግል፣ ገጽታው የጋራ

ሰው በገንዘቡ የገዛውን ወይም ከወላጆቹ የወረሰውን ቤት እንደ ፈቀደው ቢያድስ መብቱ ነው ይባላል። አነጋገሩ በአብዛኛው ትክክል ነው። ነገር ግን ቤቱ የሚገኘው በቅርስነት በተመዘገበ ሰፈር ውስጥ ሲሆን፣ ግድግዳውና በሩ የአካባቢው መልክ ክፍል ስለ ሆኑ፣ የውጭ ገጽታውን ከመለወጥ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ለምን እንደ ሆነ የሐረር ጀጎልን ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

ጀጎል በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበች፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሏት አሮጌ ከተማ ናት። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። በውስጧ 82 መስጊዶች ይገኛሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የምትደነቀው ግን ሕዝቡ እስከ ዛሬ በሚኖርባቸው ቤቶቿ ነው። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ግድግዳው ከድንጋይና ከጭቃ ይገነባል፤ ጠፍጣፋ ጣራው በእንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ ይሠራል። በጠባቡ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ከፍ ያለውን የግቢ ግድግዳና የእንጨቱን በር ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ በር ሲለወጥ መንገዱም መልኩን ይለውጣል ማለት ነው።

ከተማይቱን ከሚያሰጓት ነገሮች መካከል ግድግዳን ያለ አግባብ መለሰን፣ የእንጨትን በር በብረት መተካት፣ በኮንክሪት መሥራትና የቴሌቪዥን አንቴና መትከል ይገኙበታል። ጉዳቱ በመልክ ብቻ የሚወሰን እንዳይመስላችሁ። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ መልሶም በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ይላላል፤ በግድግዳው ላይ ያረፈው የጣራ እንጨትም ይበሰብሳል። ቤቱን ለማጠንከር የታሰበው ሥራ ቤቱን ያደክመዋል።

ይህ ሲባል ከተማ ፈጽሞ አይለወጥ ማለት አይደለም። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ወደ ሐረር የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች በረንዳ ያላቸው ፎቅ ቤቶች ሠርተዋል፤ እነዚያም ቤቶች ዛሬ የቅርሱ ክፍል ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ለውጥ ይኑር አይኑር የሚል ሳይሆን፣ ለውጡ ምን ያስገኛል፣ ምንስ ያጠፋል የሚል ነው። ፈቃድ የሚያስፈልገውም ይህ ጥያቄ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲመረመር ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም የቅርስ ጥገና አስቀድሞ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል።

የባለቤቱም ችግር ሊዘነጋ አይገባም። ጣራው የሚያፈስበት፣ በሩ የተሰነጠቀበት ቤተሰብ ክረምቱ ሳይገባ መጠገን ይፈልጋል፤ የእንጨት ጠራቢ ዋጋም ከአቅሙ በላይ ሊሆንበት ይችላል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መልሱን ካዘገየ፣ ወይም ምክንያቱን ሳይገልጽ ከከለከለ፣ ሰው በሌሊት እንዲሠራ ይገፋፋል። ባለቤቱ አስቀድሞ ሊጠይቅ፣ መሥሪያ ቤቱም በጊዜው ሊመልስና የሚቻለውን መንገድ ሊያሳይ ይገባል። አዋጁም የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን የሚችልበትን መንገድ አመልክቷል።

እናንተም በእንዲህ ያለ ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ፣ ወላጆቻችሁ ቤት ሊያድሱ ሲያስቡ የሚከተለውን አስታውሷቸው። በመጀመሪያ የሚጠገነው ክፍል በሥራው ከመነካቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ። ቀጥሎ የሚለወጠው ነገርና ምክንያቱ በጽሑፍ ተገልጦ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይቅረብ። በመጨረሻም መልሱ በጽሑፍ እስኪገኝ ድረስ አሮጌው በር አይነቀል። የተሰነጠቀ በር በጠራቢ እጅ ይጠገናል፤ ተፈልጦ ማገዶ የሆነውን ግን የሚመልሰው ፈቃድም ቅጣትም የለም።