የታክሲዎ መሪ ሲላላ፦ ለራክ ከመክፈልዎ በፊት

በዚህ አምድ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ወደ መኪናው ሥር ዝቅ እንላለን። ታክሲ ለሚነዳ ሰው ሱቁም ዕቃውም ያው መኪናው ነውና። መኪናው ጋራዥ በዋለ ቁጥር የዕለቱ ገቢ ይቀራል፤ በዚያ ላይ ያልተበላሸ ዕቃ ከተቀየረ የሳምንቱም ሥራ አብሮ ይሄዳል።

መሪው ላላ ሲል ወይም ከፊት በኩል ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ አንዳንዱ ጋራዥ በቅጡ ሳይመረምር «ራኩ ሄዷል» ይላል። ራክ ማለት መሪውን ሲያዞሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ የፊት ጎማዎችን የሚገፋውና የሚስበው ዘንግ ከነቤቱ ነው። እሱን ማስቀየር በአብዛኛው ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ያለቀው ራኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ታይ ሮድ ነው፤ የውጭው ጫፍ ዋጋ በአብዛኛው ከ100 ዶላር በታች ነው።

ክራውን ቪክቶሪያ የነዱ አንጋፋ ባለታክሲዎች ይህን ጣጣ ያውቁታል። ያ መኪና እስከ 2002 ሞዴል ድረስ ራክ አልነበረውም፤ ፒትማን አርም፣ አይድለር አርም እየተባሉ የሚቆጠሩ መገጣጠሚያዎች ነበሩት፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይላላል። ከ2003 ሞዴል ጀምሮ ፎርድ ራክ አደረገለት፤ በ2011 ደግሞ ማምረቱን አቆመ። አሁን በብዛት ለታክሲ የሚነዱት ካምሪ፣ ፕሪየስና ሲዬና ባለራክ ናቸው። በየጎኑ አንድ የውስጥ፣ አንድ የውጭ ታይ ሮድ፣ በድምሩ አራት ነው።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። መጀመሪያ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ። መሪውን በጣትዎ ቀስ አድርገው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያነቃንቁት። ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ብቻውን የሚሄድበት ርቀት በቶዮታ መመሪያ ቢበዛ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ አንድ ቦታ ልል አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች ድንጋይ ያድርጉ፣ የፊቱን በክሪክ ያንሱና በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉት። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ እንዳይገቡ። ጎማውን በሰዓት አቆጣጠር 3 እና 9 ቁጥር ላይ ግራና ቀኝ ይዘው ይወዝውዙት። ከተንቀጠቀጠ ታይ ሮዱን ይጠርጥሩ። ላይና ታች፣ 12 እና 6 ላይ ይዘው ሲወዘውዙት ከተንቀሳቀሰ ግን ችግሩ ያለው ከቦል ጆይንቱ ወይም ከጎማው ኩሽኔታ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከላላ ኩሽኔታውን ያስቀድሙ። ልሉ 3 እና 9 ላይ ብቻ ከሆነ አንድ ሰው ጎማውን እየወዘወዘልዎ እጅዎን በውጭው መገጣጠሚያ ላይ ያድርጉ፤ መቀጥቀጡ እጅዎ ላይ ይሰማዎታል። እዚያ ካልተሰማዎ የተጨማደደውን የራክ ጎማ ሽፋን ጨብጠው የውስጡን ይዳስሱ።

ድምፁንም ለይተው ይስሙ። በጉድጓድ ላይ ብቻ የሚንኳኳ ነገር ብዙ ጊዜ ስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ እሱም ርካሽ ነው። በ60 ማይል ፍጥነት መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጎማውን ባላንስ ያስደርጉ፤ ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከሆነ የፍሬኑን ዲስክ ያሳዩ። ራኩ ራሱ መሄዱን ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ፣ በዘይት በሚሠራ መሪ ላይ፣ ያ የጎማ ሽፋን ዘይት ሞልቶት መገኘቱ ነው። እንደ ፕሪየስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሪ ግን ዘይት ስለሌለው ይህ ምልክት አይታይበትም።

የላላ ታይ ሮድ እያዩ «ይህን ሳምንት ልግፋበት» አይበሉ። መገጣጠሚያው ከተፈታ ያ ጎማ መሪውን አይሰማም፤ በሀይዌይ ላይ ይህ ከሆነ የሚያድን ብልሃት የለም።

የውጭውን ጫፍ መቀየር እጁ ለተፍታታ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም። ትልልቅ የመለዋወጫ መደብሮች መፍቻውን በመያዣ ገንዘብ ያውሳሉ። የማሰሪያውን ዳዶ ትንሽ ያላሉ፣ ጥርሱ የቆመበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ከዚያ መቆለፊያውን ፒን አውጥተው ጫፉን ከጎማው ክንድ ያላቅቁ። አሮጌውን ሲፈቱ ስንት ዙር እንደዞረ ይቁጠሩ፤ አዲሱንም በዚያው ዙር ያስገቡ። ባለቀዳዳውን ዳዶ በመመሪያው ልክ ካጠበቁ በኋላ የፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ጥቂት ይጨምሩለት እንጂ ወደ ኋላ አይመልሱት። ፒኑ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። የካምሪ የጎማ ዳዶ በ76 ፉት ፓውንድ ይጠብቃል። የውስጡ ታይ ሮድ ግን ለመድረስ ያስቸግራል፤ እሱን ለባለሙያ ቢተዉት ይሻላል።

ዙር ቆጠራው አላይመንት ቦታ እስኪደርሱ ብቻ ነው። ሳያስተካክሉ ሥራ ቢወጡ አዲስ ጎማ በጥቂት ሳምንት ከጠርዙ ይበላል፤ የቆጠቡት ገንዘብ ለጎማ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ወዲህ ያለ መኪና ሁሉ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ዘዴ ስላለው፣ የመሪው ሴንሰር አብሮ እንዲስተካከል ይጠይቁ። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልክ የያዘውን ወረቀትም ይቀበሉ።

ጋራዥ ከሰጡት ደግሞ የላላው ዕቃ የትኛው እንደሆነ በዓይንዎ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ50 ዶላር ለሚበልጥ ጥገና የጽሑፍ ግምት መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ያለ ፈቃድዎ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ሊጨምሩብዎ አይችሉም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጋራዡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ግምት መስጠት አለበት። አሮጌውን ዕቃ የሚፈልጉ ከሆነ ገና ሲስማሙ ይንገሯቸው።

ስለ ደረሰኙ አንድ ነገር። በግብር ወቅት ወጪዎን በማይል ተመን የሚያስቀንሱ ከሆነ ጥገናው ከተመኑ ውስጥ ስላለ ለብቻው አይቀነስም። በእውነተኛ ወጪ የሚያስቀንሱ ከሆነ ግን የዕቃውንም የአላይመንቱንም ደረሰኝ ይያዙ። አንዳንድ የቆዩ ነጂዎች «ታክሲ በማይል አይቀነስም» የሚሉት ከ2011 በፊት እንደዚያ ስለነበረ ነው፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ተፈቅዷል።