ቢቆርጡት የሚበዛ ጠላት
በባሕር ውኃ አኳሪየም ውስጥ ተባይን ስለ መከላከል

ሰርዶ የወረረውን ማሳ ያረሰ ገበሬ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ሰርዶን በማረሻ ቆራርጦ መተው ማጥፋት ሳይሆን ማባዛት ነው። አንጓ ያለው እያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ሥር ይሰዳልና። ስለዚህ ገበሬው ካረሰ በኋላ ሰርዶውን ለቅሞ ከማሳው ያወጣዋል። በእንስሳት ዓለምም ይህን የመሰለ ጠባይ ያላቸው ፍጥረታት አሉ። በዚህ ጽሑፍ ከእነርሱ አንዱን እንመለከታለን።

አኳሪየም ዓሣና ሌሎች የውኃ ፍጥረታት የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ነው። ለአያያዝ አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ እንደ ቀይ ባሕር ባሉ ሞቃት ባሕሮች የሚገኘውን የኮራል መንደር በትንሹ የሚያሳየው ነው። በአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀትና በቂ ብርሃን ያስፈልገዋል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ትናንሽ እንስሳት ተሰባስበው የሚሠሩት አካል ሲሆን፣ ብዙው ዓይነት የሚያድገው በዝግታ ነው።

የገንዳው ባለቤት አዲስ የባሕር ድንጋይ ወይም ኮራል ሲያስገባ፣ አይፕታዚያ የተባለ የባሕር አኔሞን ሳይታይ አብሮ ሊገባ ይችላል። አይፕታዚያ የኮራልና የጄሊፊሽ ዘመድ ነው። ቁመቱ ጥቂት ሴንቲሜትር፣ ቀለሙ ቡናማ ሲሆን በአፉ ዙሪያ እንደ ክር የቀጠኑ ክንዶች አሉት። በክንዶቹ ላይ ያሉት ተናዳፊ ሕዋሳት በአጠገቡ ያለውን ኮራል ይጎዳሉ። ቸል ከተባለ ድንጋዩን ሁሉ ይወርሳል፤ በትዕግሥት ያደገው ኮራልም ይጠፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ጀማሪዎች በመጀመሪያ የሚያስቡት በምላጭ ፍቆ ማውጣትን ነው። ይህ ስሕተት ነው። አይፕታዚያ ሲነካ ተኮማትሮ ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ ይገባል። ተቆርጦ የቀረው የእግሩ ቁራጭም አድጎ ሙሉ እንስሳ ይሆናል። እንዲያውም ማንም ሳይነካው፣ በድንጋዩ ላይ ሲንቀሳቀስ ከእግሩ ትናንሽ ቁራጮች እየተወ ያልፋል። ይህ ከኢጾታዊ ርቢ ዓይነቶች አንዱ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ለዓሣ በሽታ የሚሰጠውን መዳብ ያለበት መድኃኒት ገንዳው ውስጥ መጨመር ነው። መዳብ ከተባዩ ጋር ኮራሉንም፣ ሽሪምፑንም፣ ቀንድ አውጣውንም ይፈጃል።

የሚበጁት ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ኖራ፦ ካልስየም ሃይድሮክሳይድ በጥቂት ውኃ ተበጥብጦ በስሪንጅ ወደ አኔሞኑ አፍ ይጨመራል። አኔሞኑም እንደ ምግብ ሲውጠው ያቃጥለዋል። ነገር ግን ኖራ ሲበዛ የውኃው ፒኤች ከፍ ስለሚል በአንድ ቀን ጥቂቶቹን ብቻ መምታት ይገባል። ዓይንንና እጅን መከለልም ያስፈልጋል።

2ኛ/ የተፈጥሮ ጠላት፦ አንዳንድ የሊስማታ ሽሪምፖችና ሹል አፍ ያለው የቢራቢሮ ዓሣ አይፕታዚያን ይበላሉ፤ ሆኖም ሌሎች የገንዳው ፍጥረታትንም ሊነኩ ይችላሉ። በርጊያ የተባለው ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ግን ምግቡ አይፕታዚያ ብቻ ነው። ስለዚህም አይፕታዚያው ሲያልቅ በርጊያም በረሃብ ይሞታል።

3ኛ/ ቅድመ ጥንቃቄ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አዲስ ድንጋይና ኮራል ለጥቂት ሳምንታት በሌላ ገንዳ ተለይቶ ቢመረመር፣ ተባዩ ወደ ዋናው ገንዳ ከመግባቱ በፊት ሊያዝ ይችላል።

የሚገርመው ግን ይኸው ተባይ በቤተ ሙከራ ተፈላጊ መሆኑ ነው። እንደ ኮራል ሁሉ በአካሉ ውስጥ አልጌዎችን አስጠግቶ ስለሚኖርና በቀላሉ ስለሚራባ፣ ሳይንቲስቶች የኮራልን ኑሮ ያጠኑበታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ዳርቻ በሳውዲ ዐረቢያ የሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ቡድን የዚህን እንስሳ ጠቅላላ የዘር መረጃ አሳትሟል። እንግዲህ “ተባይ” የምንለው እንደ ቦታውና እንደ ጉዳዩ ነው።

ባሕርም አኳሪየምም በአቅራቢያው የሌለ መምህር ይህን ትምህርት በሰርዶ ሊያሳይ ይችላል። ተማሪዎች አንጓ ያላቸውንና የሌላቸውን የሰርዶ ቁራጮች አፈር በተሞሉ ሁለት ቆርቆሮዎች ለየብቻ ይትከሉ፤ ውኃ እያጠጡም ለሦስት ሳምንት ያህል ይመዝግቡ። የትኛው በቀለ? ለምን? መልሱን ራሳቸው ሲያገኙት፣ ጠላትን ከመምታት በፊት አረባቡን ማወቅ እንደሚቀድም ከቃል ይልቅ በዓይናቸው ይማሩታል።